አዳፕቲቭ ወይስ አክቲቭ? ሻጩ «አለው» ሲላችሁ

ደሴ ያለ ወዳጄ መኪና ሊገዛ ነው። ሻጩ «አክቲቭ ሰስፔንሽን አለው» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎበታል። ሰስፔንሽን ማለት ጎማውን ከቦዲው ጋር አያይዞ መንጠሩን የሚችለው ክፍል ነው፣ ሞላውና አሞርዛተሩ። ደወለልኝ። «የፊት ጎማውን አዙረህ አሞርዛተሩን በባትሪ እየው» አልኩት። አይቶ ነገረኝ፦ ከአናቱ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትወጣለች፤ ሞላው ተራ ብረት ነው፣ የዘይት ቱቦ የሚባል የለም። ይሄማ አዳፕቲቭ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ብዙ ብር ነው።

ተራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሞላው ክብደት ይሸከማል፣ አሞርዛተሩ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ መንጠሩን ይገታል። ጥንካሬው ፋብሪካ ላይ አንዴ ተወስኗል። ለስላሳ ከሆነ ሐረጎ ኩርባ ላይ ያጋድላል፣ ደረቅ ከሆነ ኮረኮንች ላይ ወገብ ይጨርሳል።

አዳፕቲቩ ይህን ጥንካሬ እየሄደ ይቀያይራል። ሴንሰሮች የጎማውንና የቦዲውን እንቅስቃሴ ይለካሉ፣ ኮምፒውተሩ ዓይን ሳይርገበገብ የዘይቱን መተላለፊያ ያጠባል ወይ ያሰፋል። ካዲላክ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ሴቪል ላይ ያመጣው ደግሞ ቀዳዳውን አይነካም፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ ማግኔት ሲነካው ይወፍራል። ሁለቱም ግን መግታት እንጂ ማንሳት አይችሉም። ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው መዝቀጡ አይቀርም፤ ቀስ ይላል።

አክቲቩ ራሱ ጉልበት ያወጣል። መርሴዲስ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲኤል በሚባለው መኪናው ላይ የገጠመው በሃይድሮሊክ ግፊት ኩርባ ላይ የሚያጋድለውን ጎን ይገፋዋል። ምቾቱ ሌላ ነው። ፓምፑና ቱቦው ሲያረጁ ግን አድካሚ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሆኜ አልገዛውም።

በአየር ፊኛ የሚቆመውም አክቲቭ እየተባለ ይሸጣል። ከፍታ ስለቀየረ ብቻ አክቲቭ አይሆንም። ማታ አቁማችሁ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ ለኩ። ጠዋት አንዱ ጥግ ወርዶ ካገኛችሁት አየር ያፈሳል። እኔ ሳልለካ ገዝቼ፣ ፊኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት በእግሬ ሄጃለሁ።

ወዳጄ ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ቢመላለስ አዳፕቲቩን ግዛ እለው ነበር። በየወሩ ግን ቤተሰብ ጥየቃ ኮረኮንች ይወጣል። እንዲያ ከሆነ ተራው ይበቃዋል፤ አሞርዛተሩም በርካሽ ይገኛል።

ልቡ ግን እዚያው መኪና ላይ ነው። ማታ መልሶ ደወለ፦ «የኋላው ቀኝ አሞርዛተር ዘይት አርሶታል።»

«አብሽር! የሁለት አሞርዛተር ዋጋ አስቀንሰው። በጥንድ ነው የሚቀየረው።»