ለፍሪጅ፣ ለኤሲና ለውሃ ማሞቂያ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወይስ ከከተማችን?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ወደ ከተማችን ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ካፖርቱን መንገድ ላይ ያወልቃል። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ገደማ ነው ቁልቁለቱ። ላይ የሚያስጨንቀው የውሃ ማሞቂያ ነው፤ ታች ኤሲና ዲፕ ፍሪዝ።

ለሆቴል ብዙ ኤሲ በአንድ ጊዜ የሚያስገጥም ሰው የአዲስ አበባ ድርጅት ቢመርጥ እመክራለሁ። ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ይሰጣል፤ ችግር ቢመጣም የሚጠየቅ አካል አለ። ለጥገና ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪደርስ ሥጋ አይጠብቅም፤ የመኪናውም የአበሉም ሒሳብ ከእኛው ኪስ ነው። ለዚህ የከተማችን ጠጋኝ ይበልጣል፣ ሥራውን ካወቀ።

ማወቁ በምን ይለያል? የሥጋ ቤቴ ዲፕ ፍሪዝ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለት ሁለቴም ሞቀ። ሦስተኛው ባለሙያ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ ሳሙና በውሃ በጥብጦ መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ ቀባ። ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ካለችው ብየዳ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል በዓይኔ አየሁ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ካነሰ ወጥቷል። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ልሙላ የሚላችሁን፣ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ አሰናብቱት።

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየርና እርጥበት ከቧንቧው ስቦ የሚያወጣ ቫኪዩም ፓምፕ እንዳለውም ጠይቁ። ቧንቧው ውስጥ የቀረ እርጥበት ጋዙ የሚያልፍባት ቀጭኗ ቧንቧ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ብዙዎቹ አር 600 ኤ የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚይዙ፣ ጋዙን በአግባቡ ሳያስወጣ የብየዳ እሳት የሚለኩስ ሰው ቤታችሁ አይግባ።

ዋጋ ስታወዳድሩ የእጅ ዋጋ፣ ጋዝና መለዋወጫ ተለይተው ይጻፉላችሁ። ጥቅል ዋጋ ከጥቅል ዋጋ ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ለደብረ ብርሃኑ የውሃ ማሞቂያ ከሩቅ ሰው ማስመጣት አያስፈልግም፤ ጥሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እዚያው አለ። ብቻ የመሬት መስመሩን፣ ማለትም ያፈሰሰ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ ሳያገናኝ ሒሳቡን አትክፈሉት፤ በዚያ ውሃ የሚታጠቡት ልጆቻችሁ ናቸው።