የጎግል ሰርች ኮንሶል ለአማርኛ ብሎግ፦ «ሊንኮች» የሚለው ገጽ ለምን ባዶ ይሆናል?

ስለ መሀል አዲስ አበባ በአማርኛ የሚጽፍ ብሎግ ብዙ አንባቢ እያለው ከሌላ ድረ ገጽ አንድ ሊንክ እንኳ ሊያጣ ይችላል። ጽሑፉ ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ ፌስቡክ ላይ ሼር ይደረጋል፣ ጎግል ላይ ሲፈለግ ግን ከኋላ ይቀራል። ምክንያቱን ለማጣራት ከነጻ መሣሪያዎች ሁሉ የምንመርጠው የጎግል ሰርች ኮንሶልን፣ ድረ ገጻችሁ ጎግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳያችሁን መሣሪያ፣ ነው። በዶላር ካርድ የሚከፈልባቸውን ከመመኘት በፊት እሱን አሟጦ መጠቀም ይሻላል። አነባበቡን ካላወቁበት ግን ያሳስታል።

መጀመሪያ አከፋፈቱ። የራሳችሁ ዶሜን ካላችሁ «ዶሜን» የሚለውን ምረጡ፤ በዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው የሚጀምረውንም የማይጀምረውንም አድራሻ በአንድ ላይ ይሰበስብላችኋል። ለማረጋገጫ የሚሰጣችሁን የቴክስት ሪከርድ ዶሜኑን የገዛችሁበት ቦታ ገብታችሁ ዲኤንኤስ (የዶሜኑ መዝገብ) ውስጥ ትጨምራላችሁ። ብሎግስፖት ላይ ያላችሁ ዲኤንኤሱ በእጃችሁ ስላልሆነ ሙሉ አድራሻ የሚጠይቀውን ሁለተኛውን አማራጭ ውሰዱ። መረጃው ወዲያው አይመጣም፣ ጥቂት ቀን መታገስ ነው።

«ሊንኮች» የሚለው ገጽ የትኛው ጽሑፋችሁ ሊንክ እንዳገኘ፣ ከየትኛው ድረ ገጽ እንደመጣና ሊንኩ ያረፈበት ቃል ምን እንደሆነ በሠንጠረዥ ያሳያል። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ እስከ 1000 መስመር ብቻ ይይዛል፤ ለትንሽ ብሎግ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የሚያሳየው ናሙና እንጂ ጎግል የሚያውቀውን ሊንክ ሁሉ አይደለም። ከተነሳ የቆየ ሊንክም ጎግል ያንን ገጽ ዳግመኛ እስኪጎበኘው ድረስ እንዳለ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ኖፎሎው የሆነውንና ያልሆነውን አለመለየቱ ነው። ኖፎሎው እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣ ምልክት ሲሆን «ሊንኩን ሰጥቻለሁ፣ ዋስ ግን አይደለሁም» እንደማለት ነው። በ2019 ለማስታወቂያ ሊንክና አንባቢዎች ለሚያስገቡት ሊንክ የተለዩ ምልክቶች ተጨመሩ፤ ጎግልም ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም የሚመለከታቸው እንደ ፍንጭ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ 40 ድረ ገጽ ስላያችሁ ደስ አይበላችሁ። አንዱን ከፍታችሁ ሊንኩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ኮዱ ውስጥ nofollow የሚል ቃል እንዳለ ተመልከቱ።

ዝርዝሩ ባዶ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ግን ከመሣሪያው ውጭ ነው። አማርኛ አንባቢ ጽሑፍ የሚለዋወጠው በቴሌግራም ነው። ቻናሉ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ይለጥፋል፤ የጸሐፊው ስም አንዳንዴ ይኖራል፣ አድራሻው ግን የለም። አድራሻው ቢኖር እንኳ ዝግ ግሩፕ ውስጥ ጎግል አይገባም። ፌስቡክም ወደ ውጭ የሚወስድን ሊንክ በራሱ ማዞሪያ በኩል ስለሚያሳልፈው ከድረ ገጽ እንደሚመጣ ሊንክ አይቆጠርላችሁም። ብሎጉ ተወዳጅ ሆኖ ሰርች ኮንሶል ላይ ዜሮ ሊነበብ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አድራሻው ራሱ ነው፤ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ ኤይት ሦስት ባይት ይይዛል፣ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግም እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ሆሄ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። «አራት-ኪሎ» አምስት ፊደልና አንድ ሰረዝ ነው፤ ተገልብጦ ሲለጠፍ 46 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕሬስ ደግሞ ይህን የጽሑፍ አድራሻ 200 ምልክት ላይ ይቆርጠዋል፤ ከ22 ፊደል በላይ አይተርፍም ማለት ነው፣ ረጅም ርዕስ መሀል ላይ ይበጠሳል። ብሎግስፖት ከዚህም ይብሳል፦ የአማርኛውን ርዕስ ትቶ «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም ከቁጥር ጋር ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ አድራሻ የደረሰው የድረ ገጽ አዘጋጅ ስለ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ቫይረስ የሚመስለውም አለ። መፍትሔው ከማተማችሁ በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል፣ ከሦስት እስከ አምስት ቃል አድርጋችሁ በእጅ መጻፍ ነው። ብሎግስፖት ላይ ይህ ከጎን ካሉት ቅንብሮች ውስጥ አለ። የታተመውን ስትቀይሩ ግን አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲያመራ 301 ማዞሪያ አድርጉ፤ አለዚያ ያለችውንም ሊንክ ታጣላችሁ።

ፊደላችንም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። የሚጠቅስ ሰው መጀመሪያ ሊያገኛችሁ ይገባል፤ ርዕሱ ላይ የተለመደውን አጻጻፍ፣ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሌላውን አንድ ቦታ አስገቡ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሊንክ ላይመጣ ይችላል፣ ጽሑፉ የሚጠቀስ ነገር ከሌለው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ትዝታ ተጽፏል። ትዝታ ያስለቅሳል፣ ሼር ይደረጋል፤ ሌላ ጸሐፊ ግን ለማስረጃ አይጠቅሰውም። ከዚያ ይልቅ «ከፒያሳ የተነሱ ሱቆች አሁን የት ናቸው?» የሚል ሠንጠረዥ አስቡ፦ የሱቁ ስም፣ የነበረበት ቦታ፣ አሁን ያለበት፣ በአካል ተሂዶ የተረጋገጠበት ቀን፣ አንድ ፎቶ። ጋዜጠኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ዲያስፖራው ይህን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል እናንተን ይጠቅሳል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ውጭ ያለውን አንባቢ ያሳስታል። 30 ሱቅ የያዘ አንድ እንዲህ ያለ ገጽ ከ100 አጫጭር ፖስት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ተገልብጦ የተወሰደባችሁን ማስመለስ ይቻላል። ከጽሑፋችሁ ስምንት ወይም አሥር ቃል ያለው፣ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችል ዓረፍተ ነገር መርጣችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጎግል ላይ ፈልጉ። ለምታገኙት ድረ ገጽ አዘጋጅ አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ሰላም፣ ስለ ካዛንቺስ ባወጣችሁት ጽሑፍ ሦስተኛ አንቀጽ ሥር ያለው ሠንጠረዥ ከእኛ ገጽ የተወሰደ ነው። እንዲነሳ አንጠይቅም፤ ከሥሩ ምንጩን በዚህ አድራሻ ብትጠቅሱልን እናመሰግናለን።» አንቀጹን በቁጥር መጥቀስ ዋና ነገር ነው፤ በደፈናው «ሊንክ ስጡን» የሚል መልእክት ማንም አይመልስም።

ባክሊንክ (ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጣ ሊንክ) በጥቅል ከሚሸጡት ግን ራቁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያ እንዲህ ያለውን መቅጣት ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ስፓምብሬን በተባለው ሥርዓቱ የተገዛን ሊንክ ዋጋ ማሳጣት ያዘ። ገንዘባችሁ ሄዶ ውጤቱ ዜሮ ነው። እንዲህ ያለው ሊንክ ሰርች ኮንሶል ላይ በቀላሉ ይታወቃል፦ ከአማርኛ ጋር ምንም የማይገናኙ ድረ ገጾች፣ አንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ሰሞን የመጡ። ሳትገዙ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፤ የጎግል ሠራተኞች በእጃቸው የሚጥሉት ቅጣት ማስታወቂያ እስካልደረሳችሁ ድረስ ሊንክ የመካጃው መሣሪያ (ጎግል ሊንኩን እንዳይቆጥረው መጠየቂያው) አያስፈልጋችሁም።

ሰርች ኮንሶል የማያደርገው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ ሌላው ብሎግ ከማን ሊንክ እንዳገኘ አያሳይም። ይህን ቢንግ ዌብማስተር ቱልስ፣ የማይክሮሶፍቱ ተመሳሳይ መሣሪያ፣ በነጻ ያደርጋል። አካውንታችሁን ከሰርች ኮንሶል በቀጥታ ማስገባት ይቻላል፤ ከዚያ በባክሊንክ ገጹ ላይ ስለ አዲስ አበባ የሚጽፉ ሁለት ብሎጎችን ከራሳችሁ ጋር አወዳድሩ። እነሱን ጠቅሶ እናንተን ያልጠቀሰ ድረ ገጽ ሠንጠረዣችሁን መጀመሪያ የምትልኩለት እሱ ነው። ሰርች ኮንሶልን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ከፍታችሁ «የቅርብ ጊዜ ሊንኮች» የሚለውን ፋይል አውርዱና ካለፈው ወር ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ በላይ መመላለስ ቁጥሩን አይጨምረውም።