ጋሻው የሚገባው ለባኪ ነው ወይስ ለሳም?

በማርቭል ኮሚክስ ካፒቴን አሜሪካ የተባለው ጀግና ስቲቭ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሞት፣ በዓመቱ የካፒቴን አሜሪካን ጋሻ ያነሳው የጦር ሜዳ ጓደኛው ባኪ ባርንስ ነበር። ለሌላው የትግል አጋሩ ለሳም ዊልሰን ተራው የደረሰው በ2014 ነው።

የባኪ ደጋፊዎች ቀዳሚነቱን ያነሳሉ። ከ1941 ጀምሮ ከስቲቭ ጎን ነበር፤ እውነት ነው። ጋሻውን ሲይዝ ግን ሽጉጥና ቢላም ጨመረበት። አእምሮው ታጥቦ ነፍሰ ገዳይ የነበረበት ዘመን አልለቀቀውም። ታሪኩ ሁሌም ያሳዝነኛል። ግን ባኪ ጋሻውን የተሸከመው እንደ ዕዳ ነው።

ሳም ሌላ ነው። እንደ ስቲቭ ሰውነቱን የሚያጠነክር መድኃኒት አልተወጋም። ሲመቱት ያመዋል። «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» በተባለው ፊልምም ያረጀው ስቲቭ ጋሻውን የሰጠው ለእሱ ነው፤ ባኪ ራቅ ብሎ እያየ። ከዚያ በቀጠለው ተከታታይ ድራማ ሳም መጀመሪያ ጋሻውን ለሙዚየም አስረከበው። ጥቁር አሜሪካዊ ያንን ባንዲራ ለብሶ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለማ! አይዛያ ብራድሊ የተባለውን ጥቁር ወታደር አገሩ ያንን መድኃኒት ሞከረችበት፣ አሰረችው፣ ታሪኩንም ደበቀች። ሳም ይህን ከራሱ ከአይዛያ አፍ ሰማ። ሰምቶም ጋሻውን አነሳ። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

«ጉልበት የለውም» የሚሉትን አልቀበልም። ስቲቭም የተመረጠው መርፌውን ከመወጋቱ በፊት፣ ኮስማና ልጅ ሳለ፣ በልቡ ነው።