የወረቀት ጥሩር ንድፍ ለሠሩልን ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለቴአትር ቡድናችን የአንድ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ሙሉ የጦር ልብስ፣ ከራስ ቁር እስከ ባት መሸፈኛ፣ በወረቀት ታጥፎ የሚሠራ ንድፍ ላዘጋጁልን ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በቡድናችንም ውስጥ የሚጠሩት በዚሁ ነው። ምስጋናው ይገባቸዋል፤ ጥቆማውም እንደዚያው። በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡንና ጉልበቱን በሙጫ፣ በሬዚን (ተቀብቶ በሚጠነክር ፈሳሽ ኬሚካል) እና በቀለም ላይ ያፈስሳል። ልብሱ የሚለበስ ወይም የማይለበስ መሆኑ የሚወሰነው ግን ገና አንድ ወረቀት ሳይቆረጥ ነው። የጋሼ ሙያ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

አሠራሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። በኮምፒውተር የተሠራ ባለ3ዲ ቅርጽ በፕሮግራም አማካይነት ይተረተርና በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይዘረጋል። ገጾቹ በወፍራም ወረቀት ይታተማሉ፤ ቁራጮቹ በመስመራቸው ይቆረጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ቁጥራቸው ከሚመሳሰል ጠርዝ ጋር ይጣበቃሉ። ቅርጹ ከቆመ በኋላ ከውጭ ሬዚን ይቀባል፣ ከውስጥ ፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) ይለብሳል፣ በስቱኮ ተስተካክሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ በመጨረሻም ቀለም ይቀባል። በዚህ መስክ ስሙ በይበልጥ የሚነሳው የጃፓኑ ታማ ሶፍትዌር ያወጣው ፔፓኩራ ዲዛይነር ነው፤ በነፃ የሚገኘው ብሌንደርም ለዚሁ ተግባር የሚያገለግል ተጨማሪ አለው። ፕሮግራም ያለው ሰው ሁሉ ግን ንድፍ አውጪ አይሆንም።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ላሜራ ሠራተኛ ነበሩ። የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ፣ የጭስ መውጫ ቆብ፣ ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ የሚሸጋገር መገጣጠሚያ፣ ይህን ሁሉ በኮምፓስና በማስመሪያ ላሜራው ላይ እየሳሉ፣ እየቆረጡና እያጠፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን የለመዱት በስተርጅና ነው። ፕሮግራሙ ቅርጹን በራሱ እንደሚዘረጋ ያውቃሉ፤ ይሁንና ዘርግቶ ያመጣላቸውን እንዳለ ተቀብለው ሲያትሙ አላየሁም። ጠፍጣፋ ነገር፣ ላሜራም ይሁን ወረቀት፣ ሳይጨማደድና ሳይቀደድ የሚቀለበሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የክንድ ጥሩር እንደ ቱቦ ስለሆነ እሺ ይላል፤ የራስ ቁር አናት ግን እሺ አይልም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 የኳስን ገጽ ልኩ ሳይዛባ በጠፍጣፋ ላይ መዘርጋት እንደማይቻል አረጋግጧል። ስለዚህ ድቡልቡል ነገር ሁሉ ተሰንጥቆ በብዙ ጠፍጣፋ ገጾች ይተካል። ዋናው ጥያቄ የቱ ጋ ይሰንጠቅ የሚለው ነው፤ ይህን የሚመርጠውም ሰው ነው።

በእኛ ራስ ቁር ላይ ያደረጉትን ላሳያችሁ። ፕሮግራሙ በራሱ ሲዘረጋው የጉንጩ መሸፈኛ በሦስት ገጽ ተበታትኖ፣ አንዱ ቁራጭ ጣት የማይዘው ቀጭን ጅራት አብቅሎ ነበር። መጋጠሚያው ደግሞ በትክክል በጉንጩ መካከል፣ መብራት በሚያርፍበት ቦታ ያልፍ ነበር። ጋሼ ቁራጮቹን መልሰው ገጠሙና ስንጥቁን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፤ አንዱን በአናቱ ላይ ከሚቆመው ሸንተረር ሥር፣ ሌላውን የጉንጩ ጠርዝ ከአንገት መሸፈኛው ጋር በሚደራረብበት ላይ። ጉንጩ ሙሉውን አንድ ቁራጭ ሆነ። የማጣበቁን ሥራ የሠራነው ልምድ የሌለን ሰዎች ነን፤ እንዲያም ሆኖ ስፌቱን ፈልጎ ያገኘ ተመልካች የለም። ፈላጊ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለነገሩ የልብስ ክፍላችን ኃላፊ ፈልጋ አጥታዋለች።

መጀመሪያ የጠየቁን ነገር ገርሞኝ ነበር። ሥዕሉን ልኬላቸው፣ የተዋናዩን ቁመት ጽፌላቸው ስጠብቅ፣ ደውለው «ይህ ሰው ይናገራል ወይስ ቆሞ ብቻ ነው የሚውለው?» አሉኝ። ዘበኛው ረጅም ንግግር አለው። እንግዲያው የደረቱ ልክ የሚወሰደው አየር ሞልቶ ሲስብ ነው፤ ጥሩሩም በጎንና በጎኑ ክፍት ሆኖ በላስቲክና በዘለበት የሚያያዝ ይሆናል። ይቀመጣል? በሁለተኛው ክፍል ዙፋኑ ሥር ይንበረከካል፤ ስለዚህ የደረቱ የታች ጠርዝ ጭኑ ሲነሳ ሆዱን እንዳይወጋ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ክንዱን ከራሱ በላይ ያነሳል? ያነሳል፤ የትከሻው መሸፈኛ ከደረቱ ጋር አይጣበቅም ማለት ነው፤ በማሰሪያ ተንጠልጥሎ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በኋላ የራስ ዙሪያ፣ ከአገጭ እስከ አናት፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ማጅራት፣ የክንድ ወፍራሙና ቀጭኑ ቦታ፣ የባት ዙሪያ እያሉ አስለኩኝ። «መነጽር ያደርጋል?» የሚለውም አልቀረም።

ከሁሉ የከበደው የአንገቱ ነገር ነው። በኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ ብዙ ንድፎች ለሥዕል ውበት የተሠሩ በመሆናቸው፣ ራስ ቁሩ ራስን የሚበቃ ሆኖ ሳለ ራስ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይጠብባል። ሬዚን ከጠጣ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ አይለጠጥም። ጋሼ ሙሉውን ንድፍ ከመላካቸው በፊት የአንገቱን ቀለበት ብቻ ላኩልን፤ በተራ 80 ግራም ወረቀት አትመን፣ በፕላስተር አያይዘን በተዋናዩ ራስ ላይ እንድናሳልፈው። ጆሮው ላይ ያዘው። ቀዳዳውን በማስፋት ፈንታ ራስ ቁሩን ከጆሮ ወደ ኋላ ለሁለት ከፍለው፣ የኋላው ክፋይ በትንንሽ ማግኔቶች እንዲገጠም አደረጉት። ማስፋት ቀላል ነበር፤ አንገቱን ግን ባልዲ ያስመስለው ነበር።

ሌላው ያልጠበቅሁት ጥያቄ «ተመልካቹ ከስንት ሜትር ላይ ይቀመጣል?» የሚለው ነው። ቅርጹን የሚሠሩት ትንንሽ ጠፍጣፋ ገጾች (የሚታተመውን ወረቀት ማለቴ አይደለም) በበዙ ቁጥር ልብሱ ይለሰልሳል፤ የሚቆረጠውና የሚታጠፈውም በዚያው መጠን ይበዛል። ገጾቹ ሲያንሱ ሥራው ይፈጥናል፤ ቅርጹ ግን እንደ ተጠረበ ድንጋይ ማዕዘናም ይሆናል። የፊት ለፊቱ ተመልካች ሜትሮች ርቆ እንደሚቀመጥ ስነግራቸው የባቱንና የክንዱን ገጾች ቀነሷቸው፤ መብራት የሚያርፍበትን ራስ ቁርና ደረት ግን እንዳለ ተዉት። ክፍያቸው በገጽ ብዛት ቢሆን ኖሮ የሚጎዱት እርሳቸው ነበሩ። እኔ ሙያተኛን ከነጋዴ የምለየው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

ስለ ኅትመቱም አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ። እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቀጭን መስመር አለች። ከሥሯ በጋሼ አጻጻፍ «ሳትለኪኝ አትቁረጪ» ይላል። ፕሪንተሮች ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማመጣጠን ብለው በራሳቸው የማሳነስ ልማድ አላቸው። ለኤ4 የተዘጋጀ፣ ማለትም 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነ ገጽ፣ 216 በ279 በሆነው የሌተር ወረቀት ላይ እንዲመጣጠን ተደርጎ ቢታተም 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የነበረው ራስ ቁር 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ለውስጥ ስፖንጅ የተተወው ቦታ ሁሉ ተበላ ማለት ነው። በዓይን ግን አይታወቅም፤ ሁሉም ቁራጭ እኩል ስላነሰ አንዱ ከሌላው ጋር ያለ እንከን ይገጥማል። የሚታወቀው ተዋናዩ ሊያጠልቀው ሲሞክር ነው። ማስመሪያ አውጥቶ አንዲት መስመር መለካት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ወረቀቱ 200 ግራም በካሬ ሜትር አካባቢ የሆነ ይሁን አሉ። ከዚያ የሳሳው ሬዚን ሲነካው ይልፈሰፈሳል፤ ከዚያ የወፈረውን ብዙ የቤት ፕሪንተሮች አይጎትቱትም፣ ትንንሽ እጥፋቶችም ላይ ይሰነጠቃል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚታጠፉት መስመሮች የተለያየ አሳሳል አላቸው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚነግር ቁልፍ በየገጹ ራስ ላይ አኑረዋል። ከማጠፍ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ፣ ማስመሪያ አስደግፎ መስመሩን ረገጥ አድርጎ ማስመር ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የታጠፈ ጠርዝና በጣት ብቻ የታጠፈ ጠርዝ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንዱ ብረት ይመስላል፣ ሌላው የተጨማደደ ካርቶን።

ንድፉ ውስጥ ሌላ ሰው ሲያደርገው ያላየሁት ነገርም አለ፤ ድጋፎች። ሬዚን ሲቀባ ወረቀቱ ለጊዜው ይለሰልስና የራስ ቁሩ አፍ ወደ ጎን ይከፈታል፤ በዚያው ከደረቀ ደግሞ ተጣሞ ይቀራል። ጋሼ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ፣ ከግንባር ወደ ማጅራት የሚወጠሩ የወረቀት ዘንጎችን ልካቸውን ጠብቀው፣ ቁጥር ሰጥተው ከንድፉ ጋር አትመዋል። ከደረቀ በኋላ ተቆርጠው ይጣላሉ። የሚጣል ነገር እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ብርቅ ነው።

ሬዚኑን እርሳቸው አይሠሩም፤ ለምን ቢባል የሳምባቸውን ጉዳይ ያነሳሉ። ከንድፉ ጋር የላኩት ማስጠንቀቂያ ግን ረዘም ያለ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከንድፉ የማይተናነስ ዋጋ አለው። የፖሊስተር ሬዚን ስታይሪን የተባለ ትነት ያወጣል፤ ስለዚህ ሥራው በተከፈተ ቦታ፣ የኬሚካል ትነት የሚያስቀር ማጣሪያ ባለው ጭንብል ይሁን። ተራው የጨርቅ ወይም የአቧራ ጭንብል ትነት አያቆምም። ማጠንከሪያው በአብዛኛው ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ በጣሳው ላይ የተጻፈውም ይከበር፤ ሲበዛ ውሕዱ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋልና መነጽር የግድ ነው። ጓንትም እንዲሁ። ቀባ ቀባ አድርጎ በስስ ንብርብር መሥራት፣ አንድ ጊዜ ማፍሰስ የለም። ፋይበርግላስ ሲፈገፈግ የሚነሳውን ብናኝም ቆዳም ሳምባም አይወደውም። «ልጄ፣ ወረቀቱ ከተበላሸ ሌላ ይታተማል» ብለው ነበር በስልክ፤ ቀሪውን አልጨረሱትም። ሬዚን ለሚያሰጋው ደግሞ እዚያው ንድፍ ላይ ሙጫ የሚቀባባቸውን ትርፍ ጠርዞች አስቀርተው ለኢቫ ፎም (ለስላሳና ተጣጣፊ የስፖንጅ ሰሌዳ) የሚሆን ያዘጋጃሉ። የፎሙ ውፍረት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ልኩ በእሱ ይለወጣልና።

ጥሩውን ብቻ ተናግሬ ላብቃ ማለት አልወድም። ጋሼ ለመልእክት ቶሎ አይመልሱም። ለነገ ይድረስልኝ የሚል ሥራ አይቀበሉም፤ ቢለመኑም አይቀበሉም። ሐሳባቸውን የሚለውጥ ደንበኛ ያበሳጫቸዋል፤ ራስ ቁሩ ላይ ቀንድ ይጨመርበት ብሎ ዘግይቶ የጠየቀው ዳይሬክተራችን ይህን ቀምሷል። ቀለም አይቀቡም፣ ስለ ቀለምም ምክር አይሰጡም። የሌላ ሰው ንድፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ባለቤቱ ፈቅዶ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ካላረካቸው ፋይሉን አይነኩትም። ይህን የመጨረሻውን እንኳ ከጉድለት የቆጠርኩት ለሚቸኩል ሰው ብዬ ነው።

ሌላ ባለሙያ ለመቅጠር ያሰበ ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ። ንድፍ አውጪው ስለ ለባሹ አካልና እንቅስቃሴ ሳይጠይቅ ዋጋ ከተናገረ፣ መሸጥ የፈለገው ፋይል እንጂ ልብስ አይደለም። ስንጥቁን የት እንዳደረገው ጠይቁት፤ ለምን እዚያ እንዳደረገው ማስረዳት ካልቻለ ፕሮግራሙ የመረጠለትን ነው የሚሰጣችሁ።

ጋሼን ለማግኘት የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን የለባሹን ልክ በሜትር ውሰዱ፣ ከሥሩ ውስጥ የሚለብሰውን ልብስ አድርጎ፣ ቆሞም ተቀምጦም። በግምት የተጻፈ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ፋይሉ ሳይከፈት ይመለስለታል።