ልጆች ከእኩያ ጋር መግባባትን የሚለማመዱበት የሀዋሳው የክረምት ኮርስ፦ እንደ ወላጅ ያየሁት

ገንዘቡ ይገባዋል። ይህን አስቀድሜ የምለው ብዙ ጎረቤቶቼ «ጓደኛ መያዝም በክፍያ ይማሩታል እንዴ?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። አዎ፣ ይማሩታል። መስተካከል ያለባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ እነሱንም እጽፋለሁ።

ኮርሱ የሚሰጠው አቶቴ አካባቢ፣ በክረምት ለልጆች እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚያስተምር ቤት ውስጥ ነው። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉትን ይቀበላሉ። ክፍያው ከእንግሊዝኛው ብዙም አይለይም። ልጄ 4ኛ ክፍልን ጨርሶ ነው የገባው። ቤት ውስጥ ወሬው አያልቅም፤ እኩዮቹ መሃል ሲገባ ነው አፉ የሚያያዘው።

በጣም የወደድኩት ምክር አለማብዛታቸውን ነው። ልጆቻችን ምክር ጠግበዋል። «አትጣላ»፣ «ዝም በለው ይተውሃል»፣ «ለቲቸር ንገር»። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ዳር ቆሞ ሌሎች ሲጫወቱ ለሚያይ ልጅ ግን ምን ብሎ እንደሚገባ ያሳየው ሰው የለም። እዚህ ያሳዩታል። መጀመሪያ መምህሯና ረዳቷ ራሳቸው ይተውኑታል። ከዚያ ሁለት ሦስት ልጆች ይነሳሉ። የተቀመጡት ምኑ ጥሩ እንደነበር ይናገራሉ፣ እንደገና ይሞከራል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባደረገው ጥናት ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች እነሱም ተነስተው ደበደቡ። ክፉው በማየት የሚወረስ ከሆነ ደጉም እንደዚያው ነው።

ጨዋታ መግባትን እንዴት እንዳስተማሩት ልንገራችሁ። ወላጆች የምንጠብቀው ከመስኮቱ ስር ባለው አግዳሚ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ ቆመህ እይ፤ ምን እየተጫወቱ ነው፣ ማን ነው የሚመራው፣ ማን ጎድሏል። ጨዋታው ሞቅ ባለበት ሰዓት አትግባ። ኳሷ ስትወጣ ሮጠህ አምጣና «የትኛው ቡድን ሰው ይጎድለዋል?» በል። እምቢ ካሉህ «እሺ፣ ለሚቀጥለው» ብለህ ሂድ፤ ሌላ የሚጫወት ፈልግ። ሴቶቹም ይህንኑ በሰኞ ማክሰኞ ተለማመዱት። ዝም ብሎ ከመሬት የተነሳ ሐሳብ አይደለም። ማርታ ፑታላዝና ጆን ጎትማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት ላይ፣ በእኩዮቻቸው ብዙም የማይወደዱት ልጆች ጨዋታ ሲቀላቀሉ ስለራሳቸው ማውራት፣ ጥያቄ ማብዛትና መቃወም ይቀናቸው ነበር። ማለትም ሌሎቹ የያዙትን ጨዋታ ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። ይህን ደግሞ ቁጣ አያስተካክለውም፣ ልምምድ እንጂ።

ከሁሉም የበለጠው የደብተሩ ትዕይንት ነበር። አንዱ ልጅ «የቤት ሥራህን ስጠኝ ልገልብጥ» ይላል። ሌላው እምቢ ማለት አለበት። ቀላል ይመስላል አይደል? መምህሯ ግን ለማኙን ልጅ ራሷ ሆና ተጫወተችው፤ «ምን አለበት? ጓደኛዬ አይደለህ? እኔ ባለፈው ምሳ ዕቃዬን አካፍዬህ የለ?» ስትል ልጆቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ሰጡ፣ ደብተሩንም ሰጡ። እኛ አገር ጓደኛን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ ቆንቋና መባል ያስፈራል። ያስለመዷቸው መልስ አጭር ነው፦ «ደብተሬን አልሰጥም፤ ከፈለግህ ግን አብረን እንሥራው»። ምክንያት አትደርድር፤ ከለመነህ ያንኑ ድገመው። ልጄ ተራው ሲደርስ ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ግን ደገመው። አግዳሚው ላይ ሆኜ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በቅፅል ስም ለሚያላግጥ ልጅ ደግሞ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብሎ፣ ሳይቆጡና ሳያለቅሱ፣ ዞር ብሎ መሄድ። ይህ ለአፍ ብቻ ነው። እጅ ከተሰነዘረ ግን ቶሎ ወደ ትልቅ ሰው መሄድ እንጂ መልስ መስጠት እንደሌለ አጥብቀው ነግረዋቸዋል። በዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

ልጆቹ በዝተዋል። ወደ ሠላሳ ልጅ በአንድ ክፍል አይሆንም፤ ሙሉውን ሰዓት ተቀምጦ የሚወጣ ልጅ አለ፣ ያውም ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጠ ምንም አይሰማም። ሁሉም ነገር በአማርኛ ብቻ መሆኑም ከሀዋሳ ጋር አይሄድም። ቤቷ ሲዳሙ አፎ የምትናገር አንዲት ልጅ በአማርኛ ስትጠየቅ አቀርቅራ ነበር፤ ረዳቷ «በራስሽ ቋንቋ በይው» ስትላት ቀና ብላ ጮክ አድርጋ ተናገረች። ይህ በአጋጣሚ መሆን የለበትም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ትምህርቱ በሙሉ ለሚበደለው ልጅ ነው። አንተ እንዲህ መልስ፣ አንቺ እንዲህ ራቂ። ቆመው የሚያዩትስ? ካናዳ ውስጥ በትምህርት ቤት ሜዳዎች ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ ሌሎች ልጆች ጣልቃ ሲገቡ 57 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ማስፈራራቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አንድ ልጅ «ተወው፣ ና እንሂድ» ብሎ እጁን ቢይዘው በቂ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተመራማሪው ዳን ኦልዌውስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመረው፣ ልጆች በእኩዮቻቸው እንዳይበደሉ የመከላከል ሥራም አንድን ልጅ ለብቻው ሳይሆን መላውን ትምህርት ቤት፣ መምህሩንና ወላጁን ይዞ ነበር የሚሄደው። ሠላሳ ልጅ ተሰብስቦ እያለ የተመልካቹን ድርሻ ሳያለማምዱ መጨረስ ያስቆጫል። ለመምህሯ ነግሬያታለሁ፤ ተቀብላዋለች።

ወላጅንም ይረሱታል። ልጄ «ከማላውቀው ልጅ ጋር ማውራት አለብኝ፣ የቤት ሥራ ነው» ብሎ ሲወጣ ነው የሰማሁት። በሳምንት አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጡን ቤትም እናግዛቸው ነበር።

ለውጥ አለ ወይ? አለ፣ ግን ተአምር አይደለም። ልጄ አሁንም ብዙ ሰው ካለ ዝም ይላል። ሰፈር ውስጥ ብይ ሲጫወቱ ግን ማንም ሳይገፋው ሄዶ ይቀላቀላል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አጠገቡ የተቀመጠውን አዲስ ልጅ ቀድሞ ስሙን የጠየቀው እሱ ነው።

ልታስመዘግቡ ካሰባችሁ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚያስገቡና ልጃችሁ በየክፍለ ጊዜው ተራ እንደሚደርሰው ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ እየተደበደበ ወይም ትምህርት ቤት መሄድ እየፈራ ከሆነ ግን ክረምትን አትጠብቁ፤ ትምህርት ቤቱን አሁኑኑ አነጋግሩ። የቦታውን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።