8 በ42 ባይኖኩላር፦ ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ ጣና ዳር

ባይኖኩላሬን (ሩቅ ማሳያ መነጽሬን) አንገቴ ላይ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ያቀርባል?" ነው። 8 ጊዜ ስላቸው ፊታቸው ቅር ሲለው ይታወቀኛል፣ ሱቅ ላይ 20 በ50 ምናምን የሚል የተለጠፈበት እያለ ለምን 8 ትገዛለህ ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ዓመት ሊሞላኝ ነው ከዚህ ዕቃ ጋር፣ ጭምባና ባህር ዳር ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ወፍ ለማየትም ለበጎ ፈቃድ ስራም ይዤው እየዞርኩ ነው፣ እና አሁን 20 ጊዜ የሚያቀርብ በነጻ ቢሰጡኝ ለረግረግ ስራ አልወስደውም።

የዕቃውን ብራንድ አልጠራም፣ ጥቅምም የለውም፣ ምክንያቱም ይሄው አንድ አይነት ቻይና የተሰራ ዕቃ በብዙ ስም ነው የሚሸጠው። ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው (ሩፍ ፕሪዝም የሚባለው)፣ ውስጡ እንዳይጨጋገግ ናይትሮጅን የተሞላ፣ ውሃ አያስገባም ተብሎ የተጻፈበት፣ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ዋጋው የአንድ ደህና ስማርት ስልክ ግማሽ ገደማ ነው። እጅግ ርካሽ አይደለም፣ እነዛ አውሮፓውያን ቱሪስቶች ከሚይዙት ጋር ግን በዋጋ አይገናኝም።

ቁጥሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሻጮች አያስረዱም። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍለው አይንህ ጋ የሚደርሰው የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ይመጣል። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ነጥብ 25 ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባዋ 10 በ25 ደግሞ 2 ነጥብ 5 ብቻ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ልዩነቱ ብዙም አይታይህም፣ ሲመሽ ግን የሰው አይን ብሌን ይሰፋል፣ ትንሿ የምትሰጠው ብርሃን አይበቃውም፣ በቃ ጨለማ ነው የምታየው።

ይሄ ለምን ለኛ ይጠቅማል ካላችሁ ክሬን የሚባሉትን እግረ ረጃጅም ወፎች ለመቁጠር ነው። ግራጫዎቹ ክሬኖች ክረምቱ ሲወጣ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ተነስተው ጣና ዙሪያ ይመጣሉ፣ በጋውን እዚሁ ያሳልፉና የራሳቸው አገር በረዶ ሲቀልጥ ይመለሳሉ። ቀን ቀን ታጭዶ ያለቀ ማሳ ላይ ተበትነው እህል ይለቅማሉ፣ ስለዚህ ቀን ልቁጠር ብትል አንዱን መንጋ ሁለቴ መቁጠርህ አይቀርም። ማታ ግን ተሰብስበው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ አውሬ ሲመጣ ውሃው ድምፅ ስለሚያሰማላቸው ነው ይባላል። ቆጠራው የሚሰራው እንግዲህ ያኔ ነው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ በመስመር በመስመር ሆነው ሲገቡ፣ ወይ ደግሞ ንጋት ላይ ሲወጡ። እዛች ድንግዝግዝ ሰዓት ላይ ነው ይሄ ዕቃ ገንዘቡን የመለሰው። አጠገቤ የነበረ ጓደኛዬ 12 ጊዜ የሚያቀርብ ትንሽዬ ነበር የያዘው፣ መጨረሻ ላይ ትቶት እኔ እየቆጠርኩ እሱ መዝጋቢ ሆነ።

ሌላው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ወፏን 20 ጊዜ ሲያቀርብልህ የእጅህን መንቀጥቀጥም 20 ጊዜ ያበዛዋል። መሬት ላይ ቆመህ እንኳን ከባድ ነው፣ የደንገል ታንኳ ላይ ቁጭ ብለህማ ጭራሽ አይታሰብም። በ8 ግን ታንኳ ላይ ሆኜ ዓሣ በል ንስሩ ዛፍ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሲጮህ ምላሱ ሳይቀር አይቻለሁ። እይታውም ሰፊ ነው፣ 1,000 ሜትር ላይ 129 ሜትር ያሳያል ይላል ወረቀቱ፣ ቄጠማ ውስጥ ለሚሹለኮለኩ ወፎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ፈልገህ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅብህም።

የምስሉ ጥራት መሃል ላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ነጭ ወፍ ሰማይ ላይ ስታይ ዙሪያው ሐምራዊ ቀጭን መስመር ይወጣበታል፣ የርካሽ መስታወት ምልክት ነው፣ ቆይታችሁ ትለምዱታላችሁ። ነጫጮቹን ሳቢሳዎች ለመለየት ግን ምንም አላገደኝም። ከብት ተከትላ የምትሄደዋ መንቁሯ ቢጫ ነው፣ ውሃ ውስጥ የምትቆመዋ ቀጠን ያለች ደግሞ መንቁሯም እግሯም ጥቁር ሆኖ ጣቶቿ ብቻ ቢጫ ናቸው፣ ስትበር ካልሲ ያደረገች ነው የምትመስለው። ይሄን በባዶ አይን ከሩቅ ማየት አይቻልም፣ ብዙ ሰው ለዚህ ነው ሁሉንም አንድ ወፍ አድርጎ የሚያስባት።

አሁን ወደ እንቦጩ፣ ጣናን ወደወረረው የውሃ አረም። ብዙ ሰው ባይኖኩላርና እንቦጭ ምን አገናኘው ይላል። እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ከዛ ወዲህ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደኖረ የምታውቁት ነው። ችግሩ ያንተ ጉልበት ሳይሆን የሱ ፍጥነት ነው፣ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ ይበቅላል። ብዙ የተቸገረው በጎንደር በኩል ያለው ዳርቻ ነው፣ ነገር ግን ነፋስና ማዕበል እየገፋው ቁራጭ ቁራጩ ወደዚህም ይመጣል። እኛ የምንሰራው እንግዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመን የባህሩን ዳር በባይኖኩላር መቃኘት ነው፣ ያ ሐምራዊ አበባው ፊላና ደንገሉ መሃል ብልጭ ካለ ቦታውን ምልክት አድርገን በማግስቱ በታንኳ ሄደን ገና አንድ ክንድ ሳይሞላ መንቀል። አንድ ክንዱን ሁለት ሰው ይጨርሰዋል፣ ተንሰራፍቶ ሄክታር ከሞላ በኋላ ግን ቀበሌው ሁሉ ወጥቶም አይበቃም። ለኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ ከወፉም በላይ።

(አንድ ነገር፣ እንቦጩ ላይ የምትራመድ ረጃጅም ጣት ያላት ቡናማ ወፍ አለች፣ ጃካና፣ እሷ አልተከፋችም፣ ቅጠሉ ላይ ደስ ብሏት ትሮጣለች። የተከፉት ፔሊካኖቹ ናቸው፣ ለማጥመድ ክፍት ውሃ ይፈልጋሉ።)

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ስራ አለ። ጥቁሩ ባለ ዘውድ ክሬን እንደ ግራጫው እንግዳ አይደለም፣ እዚሁ ነው የሚኖረው፣ በክረምት ረግረጉ ሳር መሃል መሬት ላይ ጎጆውን ይሰራል። በዓለም ደረጃ ቁጥሩ እየቀነሰ ካሉት ውስጥ ነው። ከብት ይረግጥበታል፣ ሳር አጫጅ ይደርስበታል፣ ረግረጉም ራሱ ለእርሻና ለባህር ዛፍ እየተባለ እየደረቀ ነው። ጣናን ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮውም ሰውም አብረው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ ቦታ) ብሎ መዝግቦታል፣ ሳር የሚያጭደው ሰውዬ ግን ወረቀቱን አላየውም፣ ላሙን ማብላት አለበት። ስለዚህ ጎጆውን ከሩቅ አይተን ባለ መሬቱን ቀርበን እናናግራለን፣ ያቺን ቁራሽ ሳር ጫጩቶቹ እስኪወጡ አቆይልን ብለን። ቀርበህ ልይ ካልክ እናትየዋ ትነሳለች፣ እንቁላሉን ቁራ ያየዋል። ከሩቅ ለማየት ነው መነጽሩ።

አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው ሲያዩን ቆዩና "ምኑን ነው እምታየው ልጄ?" አሉኝ። አውልቄ ሰጠኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩና "ይሄ አይደለም እንዴ ሽምብራየን የሚለቅመው! ስታየው ታምር፣ ስትቀርበው ሌባ" ብለው ሳቁ። ከዛ ወዲህ ወፍ መጣ አልመጣ ቀድመው የሚነግሩን እሳቸው ናቸው።

ይሄ ወደ ሌላ ቁም ነገር ያመጣኛል። ወንድምዓለም፣ በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ ገጠር መሄድ ቀልድ አይደለም። ማንም ቢጠራጠርህ አትፍረድበት። እኛ ብቻችንን አንሄድም፣ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ልጅ አብሮን ይኖራል፣ ለቀበሌው ቀድመን እንናገራለን፣ መንገድ ላይ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም ከተባለ ደግሞ ወፉ ይቅር። ከውጭ ሰው እንዲያመጣላችሁ ያሰባችሁም ጉምሩክ ላይ ፈቃድ እንደሚጠየቅበት ቀድማችሁ አጣሩ፣ ዕቃው ኤርፖርት ቀረ የሚል ወሬ ብዙ ነው።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ ውሃ አያስገባም ያሉት እውነት ነው። ሐምሌ ላይ ዶፍ መቶታል፣ ጭቃ ውስጥ ወድቋል፣ ውስጡ አንዲት ጤዛ የለም። ጮቄ ተራራ ላይም ወስጄዋለሁ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ብርዱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከዛ ሞቅ ያለ ቤት ስትገባ መስታወቱ በውጭ በኩል ይጨጋገጋል እንጂ ውስጡ አይነካም፣ ጉሙ በውስጥ በኩል ከሆነ ግን ዕቃችሁ ናይትሮጅኑ ወጥቷል ማለት ነው። በብርድ ጠዋት ምስሉን ለማጥራት የሚዞረው መሃል ያለው ጎማ ይደርቃል፣ ትንሽ ማሸት ይፈልጋል።

የተበላሸው ነገር? ማንጠልጠያው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው ስፌቱ የተተረተረው፣ አሁን ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ ጫማ ሰፊ ጋ አሰርቼለታለሁ፣ ከፋብሪካው ይሻላል። የቀኝ አይን ማስተካከያ ቀለበት በራሱ ይዞራል፣ ይሄ በጣም ያናድዳል፣ ድንገት ብዥ ሲልብህ መስታወቱ የቆሸሸ ይመስልሃል፣ እኔ ልኬን ካገኘሁ በኋላ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። የአይን ጎማው አንደኛው ላልቷል። የውጭ ሽፋኑ ደግሞ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት የነካው ቦታ ላይ ተጣብቆ ነጭ ሆኗል፣ እነዚህ ቅባቶች ጎማና ፕላስቲክ ይበላሉ፣ ተቀብታችሁ ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ።

ልጆች ላይ አንድ ጉድለት አለው። ሁለቱ ቱቦዎች እስከ መጨረሻው ቢጠጉም ለትንሽ ልጅ አይን ሰፊ ናቸው፣ ሁለት ክብ ነው የሚያዩት፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ አይን ያያሉ። ቢሆንም ሰልፉ አይቀንስም። መልሰው ሲሰጧችሁ መስታወቱ ላይ የቂቤም የሽሮም አሻራ አለ፣ በነጠላ ጫፍ እንዳትፈትጉት፣ መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉበት፣ ከዛ በለስላሳ የመነጽር ጨርቅ። ክረምት ላይ ሻጋታ እንዳይዘው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት።

የማይሆነው ለማን ነው ካላችሁ፣ ከዳር ቆሞ ባህሩ መሃል ያሉ ዳክዬዎችን መለየት ለሚፈልግ። ለሱ ባለ ሶስት እግር ቴሌስኮፕ ነው የሚያስፈልገው፣ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራ ላይ እኛም ተውሰን ነው የምንጠቀመው። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ሳታወልቁ ሞክሩት፣ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ መሃሉ ብቻ ከታያችሁ እሱን ተዉት፣ የአይን ርቀቱ (አይናችሁ ከመስታወቱ ርቆም ምስሉን ሙሉ የሚያይበት ርቀት) 15 ሚሊ ሜትርና ከዛ በላይ የሆነ ፈልጉ።

ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ግድግዳ አትዩበት። ወደ ውጭ ውጡና ራቅ ያለ ሕንፃ ላይ ያለ ጽሑፍ አንብቡበት፣ ጽሑፉ ድርብ ድርብ ከሆነ ወይ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አይናችሁን ካመማችሁ ቱቦዎቹ አንድ ላይ አልተስተካከሉም ማለት ነው፣ ያንን ማንም አይጠግንላችሁም፣ ሌላ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። እኔ ሶስተኛውን ነው የወሰድኩት።