ከሲጋራ ማላቀቂያ ሁለት መንገድ፦ ብሪታንያና አውስትራሊያ

እ.ኤ.አ. በ1974 ብሪታንያ ውስጥ ከ100 አዋቂዎች 45ቱ ያጨሱ ነበር። በ2023 ወደ 12 ገደማ ወርደዋል። አውስትራሊያ ውስጥም በ1991 በየቀኑ የሚያጨሰው ሰው 24 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ 8 አካባቢ ነው። ሁለቱም ታክስ ጨምረዋል፤ ማስታወቂያም ከልክለዋል። የተለያዩት በቬፕ፣ ማለትም ትምባሆ ሳያቃጥል ኒኮቲን ያለበት እንፋሎት በሚሰጠው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው።

ብሪታንያ በ2023 ለ1 ሚሊዮን አጫሾች ቬፕ በነፃ ለማደል ተነሳች። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲኑ ነው፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። ጭሱን ካስቀረህለት ሰውየው የመትረፍ ዕድል አለው። ችግሩ የመጣው በልጆቹ በኩል ነው። የከረሜላ ጣዕም ያለው፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ባለ ደማቅ ቀለም ቬፕ ትምህርት ቤት ድረስ ገባ። በጁን 2025 የዚህ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ሽያጭ ታገደ።

አውስትራሊያ ቀድማ የዘመተችው በፓኬቱ ላይ ነው። ከዲሴምበር 2012 ጀምሮ ሁሉም ፓኬት አንድ ዓይነት ሆነ፦ የደፈረሰ ጭቃ የመሰለ ቀለም፣ እንደ በሰበሰ እግር ያለ አስደንጋጭ ፎቶ፣ ከታች በትንሽ ፊደል የብራንዱ ስም። ዓለምን ያስተማረ ሥራ ነው፤ ብዙ አገር ተከትሏታል። ቬፕን ግን ከ2024 ወዲህ ከፋርማሲ ውጭ መሸጥ ከለከለች። የአንድ ፓኬት ሲጋራ ዋጋም 40 የአውስትራሊያ ዶላር አለፈ። ኮንትሮባንዱ ደራ፤ ሜልበርን ውስጥ በወንበዴዎች ፉክክር የትምባሆ ሱቆች ተቃጠሉ።

ዕድሜ ልኩን ላጨሰ ሰው የብሪታንያን መንገድ እመርጣለሁ። ፓኬቱን ግን እንደ አውስትራሊያ አስቀያሚ ማድረግ ያዋጣል፤ ብሪታንያም ብትሆን ከ2017 ጀምሮ ያንኑ ወስዳለች።